የአየር መንገዱ ልቅሶ

ስሜ ማስተዋል ነው። ሲያወጡልኝ ማንም አላማከረኝም፤ ስለዚህ በስምንት ዓመቴ ያደረግሁትን እያነሱ በስሜ የሚቀልዱትን ዘመዶቼን አልሰማቸውም። እኔ የሰማሁትን ነው የተናገርሁት። የሰማሁት ደግሞ «አየር መንገዱ ወደቀ» የሚል ነው። «ወደቀ» ሲባል ከላይ ወደ ታች ነው። ሌላም ትርጉም እንዳለው የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የእናቴ ታናሽ ወንድም አንዳርጋቸው ከዘንገና ሐይቅ ባሻገር ካለ ቀበሌ ወጥቶ፣ እንዴት እንደ ደረሰባት እሱም በደንብ የማያስረዳውን፣ ባሕር የከበባትን አንዲት ትንሽ አገር ገብቶ፣ በዚያች አገር ብሔራዊ አየር መንገድ ይሠራ ነበር። የአገሪቱን ስም አልጽፍም። ትምህርት ቤታችን በነበረው ካርታ ላይ ስሟ መሬቷ ላይ ስላልበቃ ባሕሩ ላይ ነበር የተጻፈው።

ቆሰበር ውስጥ አጎቴ «ካፒቴን» ነበር። (እንጅባራ የሚለውን ስም መሥሪያ ቤቶች ይጠቀሙበታል፤ ሰዉ ቆሰበር ነው የሚለው።) ማዕረጉን የሰጠው አንድ ፎቶግራፍ ነው። ወርቃማ ጥልፍ ያለበት ቆብ አድርጎ፣ የአውሮፕላን መሰላል ሥር ቆሞ የተነሳው ፎቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ምን ትሠራለህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም፤ ቆቡ መልሶላቸዋል። ቆቡ የሌላ ሰው መሆኑን እኔ ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

ለእኔ ደግሞ ቃል ገብቶልኝ ነበር። አንድ ቀን በአውሮፕላን መጥቶ ዘንገና ላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ በመስኮት እጁን ያውለበልብልኛል። ይህን ለሰፈር ልጆች ሁሉ ተናግሬያለሁ። ስለዚህ የአጎቴ ነገር የእኔም የክብር ነገር ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አጎቴ ሚስት ሊያገባ ነበር። ልጅቷ ትሕትና ትባላለች፤ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። አባቷ አቶ ዮናዳብ ከእኛ ቤት ሦስት በር ዝቅ ብለው ይኖራሉ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪና እኛ የምንሄድበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸውን የጠየቁት የእኛ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለት ጊዜ «እናስብበት» ተብለው ተመልሰዋል። ሦስተኛው ቅዳሜ ነው፤ የመልስ ቀን። ቅዳሜ እሺ ካላሉ አበቃ።

ማክሰኞ ዕለት ስልክ ተደወለ።

ግቢያችን ውስጥ ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር፤ ከቀርከሃው አጥር ሥር ባለችው ድንጋይ ላይ። እናቴ ማናለብሽ ድንጋይዋ ላይ ወጥታ ረዘም ላለ ጊዜ ስትጮህ ቆየች። ወርዳ ማድ ቤት ስትገባ አባቴ ጢሞቲዎስ ተከተላት። እኔ ከበሩ ጀርባ ድንች እልጣለሁ።

«ወደቀ» አለች።

«ማን?»

«አየር መንገዱ ነዋ! ማን ሊሆን ኖሯል?»

«አንዳርጋቸውስ?»

«አንዳርጋቸውማ አለቀለት።»

«ጌታ ሆይ! ምንም የተረፈ የለም?»

«ሻንጣው ብቻ።»

አባቴ ከንፈሩን መጠጠ። እናቴ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ እናቴ ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ግን ይበልጥ ነው የሚሰማው። «እስከ ቅዳሜ ማንም እንዳይሰማ። ጋሼ ይኸነው በተለይ። እሱ ከሰማ ሽማግሌ ፊት ይዘረግፈዋል፤ ውሸት የሚባል አይችልም።»

«ይቺስ ልጅ?»

«እሷ ምን ታውቃለች!»

እኔ ግን አውቅ ነበር። ስለ መርዶ የማላውቀው ነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት የጎረቤታችን የእትዬ ፍቅርአዲስ ወንድም መተማ ላይ ሲሞት ሁሉንም አይቻለሁ። ትልልቅ ሰዎች መጀመሪያ ማድ ቤት ገብተው ያንሾካሹካሉ። ከዚያ ለሞተባት ሰው «ደህና ነው» ይሏታል። ከዚያ ብይ፣ ብይ ይሏታል፤ መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም። አግዳሚ ወንበርና ድንኳን ከእድር ይመጣል። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ማልደው በሩን ይቆረቁራሉ። ትልልቅ ሰዎች የሚዋሹት ክፉ ስለሆኑ እንዳልሆነ፣ ተራ ስለሚጠብቁ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

እራት ላይ «እማዬ፣ አጎቴ ደህና ነው?» አልኋት።

«ደህና ነው። ብይ።»

በቃ። ሞቷል።

ረቡዕ ዕለት አባቴ የእድሩን ድንኳንና አግዳሚዎች በጋሪ አስጭኖ አቶ ዮናዳብ ግቢ አራገፈ። ከተማው ውስጥ ድንኳኑ ያው አንድ ነው፤ ለሠርግም ለቀብርም እሱ ነው የሚተከለው። አቶ ዮናዳብ እሺ ሲሉ ለምሳ መቀመጫ እንዲሆን ነበር የመጣው፤ አሁን ሳስበው የእኛ ቤተሰብ ድፍረት ይገርመኛል። ያን ጊዜ ግን ልቅሶው ለምን እሷ ቤት እንደ ተደረገ ገብቶኛል። ባሏ ነዋ።

አባቴን «ድንኳኑ ለምንድን ነው?» አልሁት።

«ሽማግሌዎች ቅዳሜ ማልደው ይመጣሉ» አለኝ።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ያን ዕለት ትሕትናን በራቸው ላይ አገኘኋት። ጸጉሯን ተሠርታለች፤ እያንጎራጎረች ነጭ ጫማዋን ከጭቃ ታጸዳለች። ለእሷ ያዘንሁት ቃል ስለ ተገባልኝ አውሮፕላን አልቅሼ ከጨረስሁ በኋላ መሆኑን አልደብቅም።

«ካፒቴንሽ ደወለ?» አለችኝ።

እንባዬ መጣ።

«ምን ሆንሽ?»

«ጥርሴን» አልኋት።

ጎንበስ ብላ ዓይኔን ትኩር ብላ አየችው። ነርስ ስለሆነች ጥርሴን የምታይ መስሎኝ አፌን ከፈትሁላት።

ነገሩን ለማን እንደምነግር አሰብሁ። ለእሷ መንገር የሽማግሌዎች ሥራ ነው። ጋሼ ይኸነው ግን የእናቴና የአጎቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባታቸው ከሞቱ በኋላ አጎቴን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ለእሳቸው መደበቅ ነውር መሰለኝ። በገበያ ቀን ከእናቴ አምልጬ ከሰል ተራ ሄድሁ። ጋሼ ይኸነው የዲከረንስ ዛፍ ከሰላቸውን በማዳበሪያ ደርድረው፣ ጋቢያቸውን ከፍ አድርገው፣ አህያቸውን ሲሰድቡ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ በልተዋል?» አልኋቸው።

«አይ የማናለብሽ ልጅ! ልትጋብዢኝ ነው?»

ከቤት የያዝሁትን ቂጣ ሰጠኋቸው። እየሳቁ ግማሹን ጎረሱ፤ ግማሹን ሊመልሱልኝ ሲሉ «ይጨርሱት» አልሁ።

«ምን ሁነሽ ነው አንቺ ልጅ?»

«ይጨርሱት መጀመሪያ።»

ጨረሱት። እኔም እንደ ትልቅ ሰው እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ተናገርሁ። «አየር መንገዱ ወደቀ።»

«መንገድ እንዴት ይወድቃል? መንገድ ይፈርሳል እንጂ።»

«የአጎቴ አየር መንገድ ነው። አጎቴም አለቀለት። የተረፈው ሻንጣው ብቻ ነው።»

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ቀረ፤ ግን ገና አላመኑኝም። «ማን ነገረሽ?»

«እማዬ ለአባዬ ስትነግረው ሰማሁ። ለእርስዎ እንዳይነገር ብላለች።»

ያሳመናቸው ይሄ የመጨረሻው ነው። ከታላቅ ወንድም የሚደበቅ ሌላ ምን አለ? ጋሼ ይኸነው ከሰሉንም አህያውንም ለጎረቤታቸው ትተው፣ በአገውኛ አንድ ነገር እያጉተመተሙ ወደ ዘንገና መንገድ ተፈተለኩ። ትንሽ ሄደው ተመለሱና «ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝ። አልተናገርሁም። እሳቸው ግን እስከ ማታ ለቀበሌው በሙሉ ተናግረዋል።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ድንኳኑ ውስጥ ተደረደሩ። ከእኛ ወገን አባቴና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ጋሼ ይኸነው መቅረታቸው እናቴን አስቀይሟታል፤ ደስም ብሏታል። እሷና እኔ ከሙሽራዋ ዘመዶች ጋር ማድ ቤቱ በር ላይ ነን። ትሕትና እንደ ደንቡ ጓዳ ተደብቃለች። መርዶውን መቼ እንደሚያፈነዱት እየጠበቅሁ የአባቴን አፍ አያለሁ።

«ልጃችን» አለ አባቴ፣ «በውጭ አገር፣ በብሔራዊ አየር መንገድ…»

«እሱን ሁለት ጊዜ ነግራችሁኛል» አሉ አቶ ዮናዳብ። እጃቸው ላይ ጠመኔ ያለ ይመስል ጣቶቻቸውን ያሻሻሉ። «በአየር መንገድ ምን ይሠራል ነው ጥያቄዬ። ጥያቄውን አንብቡት።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ያኔ ከበር ውጭ ጩኸት ተሰማ።

እልልታና ዋይታ ከሩቅ ሲሰሙ ያን ያህል አይለያዩም። ማድ ቤት የነበሩት ሴቶች ነገሩ እሺ ተብሎ ውጭ ያለው ሰው መደሰት የጀመረ መስሏቸው እልልታውን ለቀቁት። በእልልታው መሐል በሩ ተበረገደ፤ ፊት ፈረሰኛው፣ ኋላ እግረኛው፣ ከዘንገና ማዶ ያለ ሰው ሁሉ ደረቱን እየመታ ገባ። መሐል ላይ ሸጋ የምትባለው ሙሾ አውራጅ ነበረች። ቀጭን ሴት ናት፤ ድምጿ ግን ከሰውነቷ ሦስት እጥፍ ነው።

«ፈረስ ጫን ቢሉት አሞራ ጭኖ፣
አንዳርጋቸው ቀረ ደመና ሁኖ!»

የጋሼ ይኸነው ፈረስ ጭንቅላቱን ድንኳኑ ውስጥ አስገብቶ ቆመ። እሳቸው ከላይ ሆነው እናቴን አዩዋት።

«ማናለብሽ! የናቴን ልጅ ደበቅሽኝ!»

«ጋሼ፣ ምን ሁነህ ነው? ማን ሞተ?»

«ማን ሞተ ትለኛለች! ወንድሜ ከሰማይ ወድቆ፣ ሻንጣው ብቻ ተርፎ፣ እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ ለሞተ ሰው ሚስት ትጠይቃላችሁ!»

አቶ ዮናዳብ ከወንበራቸው ተነሱ። «ሞቷል?» አሉ።

እናቴ ያን ጊዜ መምረጥ ነበረባት፤ ወንድሟን እንደ ሞተ ትተወዋለች፣ ወይም ሥራ ፈት አድርጋ ታስነሳዋለች። ስታመነታ አይቻታለሁ። ዛሬ አላመነታሁም ትላለች፤ አመንትታለች።

«አልሞተም» አለች በመጨረሻ። «የወደቀው አየር መንገዱ ነው። ማለቴ፣ ድርጅቱ። ከሰረ፣ ተዘጋ። ልጁ ደህና ነው።»

እኔ አላመንኋትም። እትዬ ፍቅርአዲስንም እንዲሁ ነበር ያሏት። የድንኳኑ ሰው ግን አመናት፤ ዋይታው እንደ ተቆረጠ ሬዲዮ ጸጥ አለ።

«እንግዲያው» አሉ አቶ ዮናዳብ ቀስ ብለው፣ «አሁን ምን ይሠራል?»

ከደጅ የባጃጅ ጡሩምባ ተሰማ።

አጎቴ ከባጃጁ ወርዶ ገባ። ደረቱ ላይ ወፍ የተጠለፈበት ሰማያዊ ኮት ለብሷል፤ ቆብ የለውም፤ ሻንጣም አልያዘም። (ሻንጣው በመጨረሻው አውሮፕላን ተጭኖ አውሮፕላኑ እስከ ዛሬ አልተነሳም። እናቴ በዚህም አልተሳካላትም።) አንዲት ሴት ጮኻ ወደቀች። አንድ አዛውንት አማተቡ። ጋሼ ይኸነው ከፈረሳቸው ወርደው የወንድማቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩት፤ ጥርሱን ሊቆጥሩ ነው ስል በጥፊ አጮሉት።

«ምን አደረግሁ ጋሼ?»

«አስለቀስኸኝ!»

እኔ ሄጄ ጫማውን ረገጥሁት። «እእ!» አለ። ሕያው ነው።

እዚህ ላይ ሰዉ ቢበተን ነገሩ ያበቃ ነበር፤ አቶ ዮናዳብም አይ ብለው ይገላገሉ ነበር። ሸጋ ግን አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ አልነሳም አለች።

«ከዘንገና እዚህ ድረስ ጉሮሮዬን ያቆሰልሁት ለማን ነው?»

«እውነቷን ነው» አሉ ጋሼ ይኸነው። «ይህን ያህል ሰው አልቅሶ ሟች የለም ተብሎ አይበተንም። ይሄ ልቅሶ ከዚህ ወጥቶ የማን ቤት ሊገባ ነው?»

በእንዲህ ያለ ነገር የማያምኑት የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ቤታቸውን ማሰባቸው ፊታቸው ላይ ይታያል።

«ሟችማ አለ» አሉ ያማተቡት አዛውንት። «አየር መንገዱ ሞተ አላለችም?»

አባቴ ተነሳ። «በእኛ ዘንድ ሙሾ የለም። መዝሙር ነው።»

«ሟቹ የእናንተ አማኝ ነበር?» አሉ ጋሼ ይኸነው።

አባቴ አጎቴን አየው። አጎቴ ትከሻውን ነቀነቀ። አባቴ ተቀመጠ።

«እንግዲህ የሕይወት ታሪኩ ይነገር» ተባለ።

አጎቴ ሦስት ቀን ሙሉ አልተኛም፤ መርከብና አውቶብስ ላይ ነበር። ግን የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደሚነገር ያውቃል፤ አገሩ ነዋ። መሐል ገብቶ ኮቱን ቆለፈ።

«ሟቹ አየር መንገድ ከአባቱ ከነፃነት ቀንና ከእናቱ ከጎረቤት ቅናት ተወለደ» ብሎ ጀመረ። «አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ባንዲራ ነበራት፣ መዝሙር ነበራት። ጎረቤቷ ግን ጭራው ላይ ባንዲራ የተሳለበት አውሮፕላን ነበረው። ፕሬዚዳንቱ እንቅልፍ አጡ። አንድ ያገለገለ አውሮፕላን ተገዛና ቀለም ተቀባ፤ ዝናብ ሲመታው የድሮው ባለቤት ስም ከሥር ይታይ ነበር። ጭራው ላይ ብሔራዊዋ ወፍ ተሳለች። ይቺ ናት።» ደረቱን አሳየ። «የማትበር ወፍ ናት።»

«የማትበር ወፍ ምን ዓይነት ናት?» አሉ አዛውንቱ።

«እንደ ዶሮ።»

«ዶሮማ አጥር ታልፋለች።»

«ይቺ አጥርም አታልፍም።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«በወጣትነቱ ጎበዝ ነበር?» አሉ ጋሼ ይኸነው፣ ልቅሶ ቤት እንደሚጠየቀው።

«ጎበዝ ነበር። ሦስት አውሮፕላን ሆኖ ነበር። አንዱ የፕሬዚዳንቱ የጥርስ ሐኪም ወዳለበት ከተማ ይበራል። ሁለተኛው የሚኒስትሮቹ ሚስቶች ልብስ ወደሚገዙበት ይበራል። ሦስተኛው አይበርም፤ ለሁለቱ መለዋወጫ ከአካሉ እየሰጠ አለቀ።»

«እናት ነበር በሉኛ!» አለች ሸጋ፤ በዚህ ጊዜ ከልባቸው ያለቀሱ ሴቶች ነበሩ።

«መንገደኛስ?» አሉ አቶ ዮናዳብ። ሳያስቡት ወንበራቸውን አስጠግተዋል።

«መንገደኛ ቦታ ሲገኝ ይሳፈራል። አንድ ቀን ስምንት ሰው ወርዶ የአንድ ሚኒስትር ፍሪጅ ተሳፈረ። መስኮት አጠገብ ነው የተቀመጠ።»

«ፍሪጁ ምን ሊያይ?»

«ሚኒስትሩ ናቸው ያዘዙ።»

ይህን አየር መንገድ ትልቅ ከሆንሁ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌዋለሁ። የተወለደበትና የተዘጋበት ዓመት አለ፤ ቀጥሎ «ሥራ ያቆመ» ይላል። የጥርስ ሐኪሙም ፍሪጁም የሉም። የአንድ አገር አየር መንገድ ሙሉ ታሪክ የሚታወቀው ቆሰበር ውስጥ፣ ያውም በልቅሶ ነው።

«በመጨረሻ ምን ነካው?» አሉ ጋሼ ይኸነው።

«አለቃ በዛበት። ከአብራሪው ሥራ አስኪያጁ በለጠ። አንዱ አውሮፕላን ለጥገና ውጭ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ አንዱ ሜዳ ላይ ሣር በቀለበት፣ ጎማው ላይ ፍየል ታስራ አይቻለሁ። እኛ ግን ጠዋት ጠዋት ሥራ እንገባለን። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ እንጠይቃለን። ተሳፋሪው ሻንጣውን ይዞ ይመጣል። ከዚያ እኔ…»



«ከዚያ አንተ ምን?» አሉ አቶ ዮናዳብ። ያው ጥያቄ ናት፤ ሦስት ጊዜ የጠየቋት። ድንኳኑ ሙሉ ሰው አጎቴን አየው። የእናቴ እጅ ትከሻዬን ጨምድዶታል። እኔ የምጠብቀው አንድ ቃል ነበር፤ እነዳለሁ።

«እኔ ማይክሮፎኑ ላይ ነበርሁ» አለ አጎቴ። «ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነበርሁ።»

«ምን?»

አጎቴ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እጁን አፉ አጠገብ አደረገ። «ክቡራትና ክቡራን መንገደኞቻችን፣ በረራችን በመዘግየቱ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን።» ከዚያ በሌላ ቋንቋ ደገመው። ከዚያ በሦስተኛ። እንዲህ ያለ ለስላሳ ድምፅ በዚያ ሰፈር ተሰምቶ አያውቅም። ፈረሱ እንኳ ጆሮውን አቆመ።

እኔ አፈርሁ። የሰፈሩ ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ እያዩ ነው። አጎቴ አውሮፕላን አይነዳም። አጎቴ መሬት ላይ ቆሞ ይቅርታ የሚል ሰው ነው።

የጓዳው በር ተከፈተና ትሕትና ወጣች። ሴቶቹ ሊይዟት ሞከሩ፤ አልቻሉም።

«ሥራህ ይሄ ነበር?» አለችው።

«ይሄ ነበር።»

«በየቀኑ ይቅርታ?»

«በረራ ባለ ቀን።»

«ሳይዘገይ የተነሳ ቀን አልነበረም?»

«አንድ ቀን ነበር። ግራ ገብቶኝ እሱንም ይቅርታ ጠየቅሁ።»

ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ይቅርታ የሚል ወንድ አይተው ያውቃሉ?»

አቶ ዮናዳብ የሒሳብ ሰው ናቸው፤ ጥያቄ ከቀረበላቸው ይሠሩታል። ከአግዳሚው ጫፍ ጀምረው የተቀመጡትን ወንዶች አንድ በአንድ አዩ። አባቴን አዩ፤ አባቴ መሬት መሬቱን አየ። ጋሼ ይኸነውን አዩ፤ እሳቸውም ወንድማቸውን በጥፊ የመቱበትን እጅ ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁ። መጨረሻ ላይ ራሳቸውን አሰቡ መሰለኝ ብዙ ቆዩ።

«አላየሁም» አሉ። «እኔም ብዬ አላውቅም።» ለዚህም ይቅርታ አልጠየቁም። «እሺ ብያለሁ። ምሳው ይቅረብ።»

እልልታው ሲቀልጥ ሸጋ ብድግ አለች። ደሞዟን ሳትሠራ የምትሄድ ሴት አይደለችም፤ ሟቹን ሸኘችው።

«ሲነሳም አርፍዶ፣ ሲመለስ አርፍዶ፣
ለመቃብሩ ግን ደረሰ ማልዶ!»

የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪዎች አንድ መዝሙር አከሉበት፤ አቶ ዮናዳብ ጸለዩ። ሟቹን በስሙ አልጠሩትም፤ «ስለ ዛሬው ነገር ሁሉ» ብለው አለፉት።

ጥርሴን አመመኝ ያልሁ ዕለት ትሕትና ዓይኔን ለምን እንዳየችው የነገረችኝ እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁ በኋላ ነው። ሁሉንም ታውቅ ኖሯል። አጎቴ መጀመሪያ የደወለው ለእሷ ነው፤ ሰኞ። ቆቡ የሰው መሆኑንም፣ ማይክሮፎኑንም ከዓመት በፊት ነግሯታል። ቅዳሜ ራሱ መጥቶ እንዲቆም ያዘዘችውም እሷ ናት። እኔን «ካፒቴንሽ ደወለ?» ያለችኝ ወሬው የት እንደደረሰ ለማወቅ ነው።

«ታዲያ ድንኳን ውስጥ ለምን እንደ አዲስ ጠየቅሽው?»

«አባዬ ሥራው ካልታየ መልስ አይቀበሉም» አለችኝ። «ልቅሶው ግን የእኔ አልነበረም። እሱ ያንቺ ነው። በጣም ጠቅሞናል።»

እኔ ስለዚያ ሳምንት የማውቀው ሁሉ ስሕተት ነበር ማለት ነው። ትልልቆቹም ከእኔ አይሻሉም ነበር፤ ልዩነቱ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ መሆኔ ነበር።

አሁን አጎቴ መናኸሪያው ውስጥ ማይክሮፎን ይይዛል። የዳንግላና የባሕር ዳር መኪና ሲቆይ በዚያ ድምፅ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሾፌሮቹ ስለሚያሳፍራቸው ቶሎ ይነሳሉ። ልጆቹ ሁለት ሆነዋል። ጋሼ ይኸነው በመጡ ቁጥር የሟቹ ተዝካር ለምን እንዳልወጣ ይነዘንዙታል።

ባለፈው ክረምት ትሕትና ቤት ተሰብስበን ሳለ ስልኬ ላይ አንድ ዜና አነበብሁ። «አየር መንገዱ ሊነሳ ነው» አልሁ።

ጋሼ ይኸነው ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ከየት?»

«የአገሪቱ መንግሥት አዲስ አውሮፕላን ገዝቷል። እንደገና ሊያቋቁሙት ነው።»

«ያለቀስሁበትን?»

ሳምንት ሳይሞላ ተደወለ። የድሮ ሠራተኞችን እየፈለጉ ነበር። አጎቴ አሁን ኔትወርክ የትም ቢኖርም የውጭ ስልክ ሲመጣ የእናቴ ድንጋይ ላይ ይወጣል። በዚያ ቀን ሁላችንም እናቴ ግቢ ነበርን፤ ድንጋይዋ ላይ ቆሞ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠ። ኮት ይሰጡታል፤ ቆብም ይሰጡታል፤ የራሱ ቆብ። ያንን ከፊቱ አነበብሁት። እናቴ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ ቀረች። ግድግዳችን ላይ ያለው ፎቶ እስከ ዛሬ አልወረደም። ትሕትና ድንች እየላጠች ነበር፤ ቀና አላለችም፤ ቢላዋዋ ግን ቆሟል።

አጎቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡራትና ክቡራን መንገደኞቻችን» አለ፣ በዚያ ድምፅ፣ «በረራችን በመሰረዙ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን።» ከዚያ በሌላ ቋንቋ ደገመው፤ ይገባቸው እንደሆነ ብሎ በሦስተኛም። ስልኩን ዘጋና ከድንጋይዋ ወረደ።

«ማን ነው የደወለ?» አሉ ጋሼ ይኸነው።

«ሟቹ» አለች ትሕትና፤ መላጧን ቀጠለች።